ጥቁሩ ፌስታል

መልእክቱ ስልኳ ላይ የገባው ሐሙስ ጠዋት ነው። «ነገ መድረክ ላይ ብትወጪ በእግርሽ አትወርጂም» ይላል፤ ሌላ የለውም። የላከው ሙስሊም መሆኗን የጠላ ይሁን፣ ሙስሊም ሆና ሰው ማሳቋን የጠላ፣ ተውሂዳ መለየት አቃታት። ከየት በኩል እንደምትጠነቀቅ አታውቅም። ለእናቷም አልነገረቻቸውም። ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ ከቤት አይወጡም፤ ያለዚያም ሲሰጉ ነው የሚውሉት።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ኬፕ ታውን ላይ ዝናቡ አላባራም፤ የቀልድ ምሽት የሚቀርብባት ትንሿ አዳራሽ ግን ሞልታለች። ከመጋረጃው ኋላ አስተዋዋቂው ክላይቭ ፊቷን አየት አደረገ።

«ምነው፣ አመድ መሰልሽ?»

«በርዶኝ ነው።»

«ካልሆነልሽ ለሌላ ሳምንት እናደርገዋለን እኮ።»

«ዛሬ ከቀረሁ ሁሌም እቀራለሁ» አለችና ሂጃቧን አስተካክላ ወጣች።

ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ፊት ወንበር ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደ ታላቅ ወንድም ‹ቡታ› የሚላቸው፣ የሟች አባቷ ጓደኛ፣ የመስጊዳቸው ሙአዚን ጋሳንት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። እዚህ ቤት ምን አመጣቸው? እግራቸው መሀል አፉ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል አለ።

«እናቴ ከቤት ስወጣ ‹ቦርሳሽን የትም ጥለሽ እንዳትመጪ› ትለኛለች» ብላ ጀመረች። «የሰው እናት እንዲህ የምትለው ቦርሳው እንዳይሰረቅ ነው። የኔዋ ኤርፖርቱ እንዳይዘጋ።»

አዳራሹ ሳቀ። ቡታ ጋሳንት ከንፈራቸውን እንደገጠሙ ናቸው።

«አንዴ አውሮፕላኑ ሲነሳ ‹ቢስሚላህ› ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ማማተብ ጀመረ። እኔ የፈራሁት አብራሪውን፣ እሱ የፈራው እኔን።»

ሳቁ ሳይበርድ ቡታ ጋሳንት ሰዓታቸውን አዩ። ጎንበስ ብለው ተነሡ፤ ፌስታሉን እግሯ ሥር፣ መድረኩ ጫፍ ላይ አስቀመጡና ዞር ሳይሉ ወጡ።

ላለማየት እየጣረች ጥቂት ቀልዶች ቀጠለች፤ በመጨረሻ ጎንበስ ስትል በስሱ ፌስታል ውስጥ ዙሪያውን በፕላስተር የታሸገ ሣጥን መሳይ ነገር ይታያል። *በእግርሽ አትወርጂም።*

«ውጡ» ብላ ብትጮህና ነገሩ ባዶ ቢሆን፣ ሽማግሌውን ፖሊስ መሬት ላይ ያስተኛቸዋል። እሷም ከእንግዲህ ማንንም «እኛን አትፍሩ» ማለት አትችልም። ዝም ብትል ደግሞ፣ እነዚህ ሁሉ የሚስቁ ሰዎች አሉ።

«ይኸው፣ ቦርሳውን የረሳ ሰው» አለች ማይኩ ላይ። ፌስታሉን አንሥታ በጎን በር ወጣች። የጨዋታው አካል የመሰላቸው ሰዎች ከኋላዋ አጨበጨቡ።

ውጭ ማንም በሌለበት ግድግዳ ሥር አስቀመጠችው። ልትሸሽ ስትል ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣበቁ። አሸተተቻቸው፤ ቀረፋና ስኳር። ከሕፃን ስም ማውጣት ድግስ ለቀረ ሰው የሚላክ ጣፋጭ፣ ባረካት ነው። አባቷም በልጅነቷ እንዲሁ አሽገው ይዘው ይገቡ ነበር። እንዴት አላወቀችውም?

«ዝናብ ላይ ጣልሽው?» ቡታ ጋሳንት ከጣራው ጥግ ሥር ስግደት ጨርሰው ይመጣሉ። «የኢሻ ሶላት ደርሶብኝ ነው የወጣሁት። ለእናትሽ ነው፤ ሽሮፑ እንዳይፈስ አሽጌ አሽጌ፣ ፈሰሰ አይደል?»

ያሰበችባቸውን ትታ ሌላ ጠየቀች።

«ቡታ፣ ቀልዴ አልጣመዎትም?»

«ጥርሴን ቤት ረስቼ እንዴት ልሳቅ?» አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «እጅሽን ምነው ከሂጃብሽ ሥር ደበቅሽ?»

«በርዶኝ ነው» አለች። «እስክጨርስ ይያዙልኝ።»

አብረው ገቡ። ቡታ ጋሳንት ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለችው ሴት ፌስታሉን አየች፤ ጀለቢያውን አየች፤ ከዚያ ወንበሯን ቀስ ብላ ፈቀቅ አደረገች።

ተውሂዳ አየቻት። ልትቆጣት አልሆነላትም።

«አይዞሽ እህቴ» አለቻት በማይኩ። «ቅድም እኔም ፈርቻቸው ነው የወጣሁት። ‹ቢስሚላህ› እያሉ ያሳደጉኝን ሰው።»

ተውሂዳ ቀና ብላ ሽማግሌውን ለማየት ፈራች። መጀመሪያ የሰማችው የሳቸውን ሳቅ ነው፤ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ሳያነሡ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ከዚያ ሌላው ተከተላቸው።

የኋላው በር ተከፈተ። ተውሂዳ የመልእክቱ ላኪ ይሆን ብላ የገባውን ሰው አየችው፤ ተቀመጠ። ማይኩ ጣቷ ላይ እንደተጣበቀ ቀጠለች።