ቁልፍ ለማን ይመጣል?

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ገና ቡችላ ሳለ ከስፌት መኪናዬ ስር ገብቶ የደንበኛ ካፖርት ቁልፍ ዋጠብኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ኋላ ኋላውን እየተከተልኩ ጠበቅኩ። የዋጠው በሰላም ሲወጣ «ቁልፍ» አልኩት፣ በዚያው ጸና። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት አበላሁት፣ አጠብኩት፣ መዥገር ለቀምኩለት። ይህን የምዘረዝረው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። እሺ፣ ውለታ ለመቁጠር ነው።

የባሌ ታናሽ እህት ሰፈራችን ካለው የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ አገኘችና ቤት እስክትከራይ አንድ ወር እኛ ዘንድ ልትቀመጥ መጣች። በዚያው ሳምንት አከራያችን አስጠሩኝ። ቁልፍ የግቢው በር በተከፈተ ቁጥር ተፈትልኮ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ባለፈው ቀን አንድ ብስክሌተኛ ሊጥል ትንሽ ነው የቀረው።

«ልጄ፣ በውሻው አልፈርድም» አሉኝ። «ግን አንድ ቀን ሰው ያስገድላል። የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ በሩን እኔው ራሴ እከፍታለሁ፣ አንቺ ትጠሪዋለሽ። ከተመለሰ ይኑር። ካልተመለሰ ሌላ ቤት ፈልጊለት።»

ባሌ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ እህቱ አዞረ። እሷም «እትዬ፣ አታስቢ፣ ይለምዳል» አለችኝ። ጉበት ቀቅላ በጥፍር ልክ ከተፈችና ወገቧ ላይ የምታስረው ትንሽ ቦርሳ እንድሰፋላት ለመነችኝ። ዚፕ ሳይቀር አድርጌ ሰፋሁላት። በገዛ እጄ አስታጠቅኳት ማለት ነው።

ዘዴዋ ቀላል ነበር። ቁልፍ ግቢ ውስጥ ሲዞር ዝም ብላ ትቆማለች። ሁለቴ አጨብጭባ «ወዲህ ወዲህ» ትላለች። ዞር ብሎ ካያት ወዲያው «ጎሽ!» ትለዋለች፣ ጉበት ትሰጠዋለች። አትጮህም፣ አንገቱን አትይዝም፣ ዱላ የሚባል አታነሳም። አምስት ደቂቃ ሠርታ ታቆማለች። በሦስተኛው ቀን ከግቢው ጥግ እየበረረ መጣላት። በሳምንቱ ቁጭ በል ስትለው ቁጭ ይል ጀመር። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ቁጭ በል ብዬው አንድ ቀን ቁጭ ያለውም ደክሞት ነው።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም። ማታ ማታ እግሯ ስር ሲተኛ ሳይ መብራቱን ቀድሜ አጠፋለሁ። ጭራሽ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ሚጡም ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ወርውራ «አክስቴ!» እያለች ወደ እሷ ነው የምትሮጠው። ሁለቱ ሣር ላይ ተቀምጠው ውሻውን ሲያስተምሩ እኔ በመስኮት እያየሁ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ።

«ሚጡ!» ብዬ ጠራሁ አንድ ቀን።

«ምን አጠፋሁ?» አለች ከውጭ።

«መቀሴን የት አደረግሽው?»

መቀሱ ጉልበቴ ላይ ነበር። ቢሆንም አልነገርኳትም።

ለራሴ ማጽናኛ አላጣሁም። ሆዳም ነው፣ የሚወደው ጉበቱን ነው እንጂ እሷን አይደለም አልኩ። ይህን ለማስመስከር አንድ ሥራ ሠራሁ፤ ሳወራው አሁንም ያሳፍረኛል። እሑድ ባሌ የቁልፍን ትምህርት ሊያይ ወንበር ይዞ ወጣ። ከዚያ በፊት ቁልፍን ጓዳ አስገብቼ ለእራት ያሰብኩትን ሥጋ ግማሹን አበላሁት። ሆዱ እስኪነፋ በላ። አሁን እናያለን ብዬ እጄን አጣጥፌ በረንዳ ላይ ቆምኩ።

የባሌ እህት አጨበጨበች። ቁልፍ እየተንገዳገደ፣ ሆዱን እያንጠለጠለ ሄደላት። ጉበቱን አሸተተና ተወው። አገጩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ባሌ «አየሽ፣ ያለ ክፍያም ይሠራል» ብሎ ሳቀ። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ የአንዲት አስተማሪ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ቅዳሜው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ሁሉም ወጥተዋል ብዬ ቦርሳውን ከተሰቀለበት አወረድኩ። ወገቤ ላይ አሰርኩና ግቢው መሀል ቆምኩ። «ቁልፍ!» አልኩ። ጆሮውን አጣጠፈ። ቦርሳውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ከውሃ ታንከሩ ስር ገባና ተኛ። ቦርሳው ሙሉ ጉበት ነው። አራት ዓመት ያበላው እጅ ነው።

ቀና ስል የባሌ እህት በር ላይ ቆማለች፤ ስልኳን ረስታ ነው የተመለሰችው።

«ምን አድርገሽበት ነው?» አልኳት። «ውሻዬን ነጠቅሽኝ።»

መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እትዬ፣ እንዳትቆጪኝ። ትናንት ስንት ጊዜ በስሙ ጠራሽው?»

«እኔ እንጃ። ሦስት ጊዜ።»

«ለምን ለምን?»

አሰብኩ። ጠዋት ላጥበው ጠራሁት። ደንበኛ ሲመጣ ላስረው ጠራሁት። ከሰዓት በኋላ ጫማ በልቶ ስለነበር ጠራሁት።

«ምግብስ ስሰጠው?» አልኩ፣ መሸነፍ አልፈለግኩም።

«ያኔ ሳህኑን ነው የምታንኳኪው።»

እውነቷን ነው። ለደግ ነገር ጠርቼው አላውቅም።

«እኔም በስሙ ያልጠራሁት ለዚህ ነው» አለች። «በመጣሁ ቀን አይቻለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይሄ ደግነቷ ነው። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ግን ውሻው እንዲቀርልኝ ስለፈለግኩ ኩራቴን ዋጥኩና «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«በእኔ ቃል ጥሪው። ሲመጣ ስጪውና መልሰሽ ልቀቂው፣ ሂድ ተጫወት በይው። መጠራት የጨዋታው ማብቂያ እንዳይመስለው።»

ጠዋትና ማታ ሠራሁ። እሷ ቤት ውስጥ ትደበቅ ነበር፣ ካያት ወደ እሷ ይሄዳልና። የመጀመሪያ ሁለት ቀን ቁልፍ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስል ግቢውን እያየ ይፈልጋት ነበር፤ እኔም በቅናት አርር ነበር። በሦስተኛው ቀን መጣ። ጉበቱን ተቀበለና መዳፌን ላሰ። «ጎሽ» ስለው ድምፄን አላወቅኩትም። እንዲያ አለስልሼ ለደንበኛ እንኳን ተናግሬ አላውቅም። «ሂድ ተጫወት» አልኩትና ዓይኔን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩ።

ሐሙስ ዕለት የባሌ እህት ቤት አግኝታ ወጣች። ቅዳሜ ጠዋት አከራያችን መጡና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ቁልፍ እንደ ልማዱ ተፈተለከ። ወዲያ ማዶ አንዲት ድመት ነበረች። ስሙ ምላሴ ላይ መጣ፤ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት። ሁለቴ አጨበጨብኩ።

«ወዲህ ወዲህ!»

መንገዱ መሀል ቆመ። ድመቷን አየ፣ ዞረ፣ መጣ። ሲደርስ እግሬን መትቶ ሊጥለኝ ምንም አልቀረውም። አከራያችን በሩን ዘጉና «እንግዲህ ይኑር» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የባሌ እህት እንኳን አልነበረች አልኩ። ወዲያው አፈርኩ። ግን እንኳን አልነበረች።

ደስታዬን ለሰው መንገር ነበረብኝ። ባሌ ሥራ ላይ ነው። ወደ ቤት ገባሁ፣ ቁልፍ ተከትሎኝ።

«ሚጡ!»

ከክፍሏ ይሰማ የነበረው ዘፈን ቆመ።

«ምን አጠፋሁ?»

ኮሪደሩ መሀል ደርቄ ቀረሁ። ቁልፍ ቀና ብሎ አየኝ። ሚጡ በሩን ከፈተች፣ ግን አልወጣችም፤ እጇ መዝጊያው ላይ ነው። የእሷንም ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

«ምንም አላጠፋሽም» አልኩ። «ቁልፍ መጣልኝ። በሩ ተከፍቶ ጠራሁት፣ መጣ። ልነግርሽ ነው።»

«ለዚህ ብቻ?»

«ለዚህ ብቻ።»

ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቀች። የተበተነ ልብስ፣ ያልታጠበ ሳህን፣ የሆነ ነገር። አፌ ላይ ሁለቱም ነበሩ። አላወጣኋቸውም።

«ሂጂ፣ ዘፈንሽን ስሚ» አልኳት።

ትንሽ ቆማ አየችኝና የቁልፍን ጆሮ አሻሽታ ተመለሰች። ዘፈኑ ወዲያው አልተከፈተም።

ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ልጬ ደግሜ ጠራኋት። አሁንም «ምን አጠፋሁ?» አለች። ለውሻው አዲስ ቃል ተገኘለት፣ ዘጠኝ ቀን በቃው። እሷን ግን በዚያው ስሟ ነው መጥራት ያለብኝ፣ ለጥፋት ስጠራት ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።