ቁንዶ በርበሬ የደረሰው ሰው

ሌያርኮ ሰባ ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሊጥ በእጁ ነክቶ አያውቅም ነበር። ከሬጆ ከተማ በታች ባለው ሜዳ ገና ሲቃረብ ወንድ ልጅ ሁለት ሥራ ብቻ ነው ያለው፤ የሥጋ መፍጫውን እጀታ ማዞርና መረቁን ቀምሶ «ጨው ይቀረዋል» ማለት። ጨው ባይቀረውም ይላል፤ አለዚያማ ምን ሠራ ሊባል ነው? ሌያርኮ ይህንን ኃላፊነት በትዳር ዘመኑ ሁሉ ያለ እንከን ተወጣ። ቀሪውን ሚስቱ ዛይራ ትጨርሰው ነበር። ዛይራ ግን በመጋቢት ሞተች።

የዛይራ እህት ከከተማ ደውላ «ገናን ከእኛ ጋር ዋል» ስትለው፣ «የራሴ ካፔሌቲ አለኝ» አላት። አልነበረውም። ካፔሌቲ የምትባለው በሆዷ ሥጋ የያዘች፣ ትንሽ ቆብ የምትመስል የሊጥ ቁራሽ ናት፤ በትኩስ መረቅ ካልቀረበች በዚያ አገር ገና ገባ አይባልም። ሌያርኮ ውሸቱን ከተናገረ በኋላ ቁጭ ብሎ አሰበበት። ከዚያ ቤት በገና ቀን የካፔሌቲ ሽታ ካልወጣ፣ ቤቱ የዛይራ ቤት መሆኑ አበቃ ማለት ነው። ሌላ ቤት ደግሞ አያውቅም። ስለዚህ ውሸቱን እውነት ሊያደርገው ተነሣ።

በዋዜማው ጠዋት ጉሙ መንደሩን ውጦት ነበር። ሌያርኮ የዛይራን ሽርጥ ታጠቀ። የአሳማና የበሬውን ሥጋ ከትናንት ጀምሮ አብስሎ ፈጭቶታል፤ ያረጀ አይብ ፍቆ ጨምሮበታል፤ ገውዝ የተባለውን ቅመምም አልረሳም። እንደ ሙክት የደለበው አውራ ዶሮ በትልቁ ድስት እየተንተከተከ ነው። ገውዙን ወደ መደርደሪያው ሲመልስ እጁ የቁንዶ በርበሬውን ጣሳ አገኘ፤ አውርዶም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ዛይራ በየዓመቱ አንዲቷን ካፔሌቲ ቁንዶ በርበሬ ብቻ ሞልታ ከሌሎቹ ጋር ትደባልቃት ነበር። ያቺ የደረሰችው ሰው የሁሉንም ሰው ሳህን ያጥባል፤ ሕጉ ይግባኝ የለውም። አንድ ዓመት ለቄሱ ደርሳ፣ ቄሱ ሽርጥ ታጥቀው አጥበዋል። የቤቱ ሰው እያነሰ መጥቶ በመጨረሻ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ደግሞ ሁልጊዜ ለሌያርኮ ትደርስ ጀመር። ነገሩ አጠራጥሮት ነበር፤ አልጠየቀም እንጂ።

አሁን ጣሳውን አየው። ለራሱ ሞልቶ ለራሱ ሊደብቅ ነው? ሰው ራሱን መኮርኮር አይችልም። እዚያው ተወው።

ዱቄቱን እንደ ኮረብታ ከምሮ፣ መሐሉን ጎድጉዶ፣ እንቁላሎቹን ሰባበረበት። አሸ፤ ትከሻው እስኪነግረው ድረስ አሸ። ከዚያ መዳመጫውን ይዞ ዘረጋው። ሊጡ እየሳሳ እየሰፋ ሄዶ ጠረጴዛውን ሲያለብሰው ሌያርኮ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አደነቀው። ቀጥሎ በቢላ እየቆረጠ፣ ሥጋውን እያኖረ፣ ማጠፍ ጀመረ። አንዷን አጥፎ እስኪጨርስ አንድ ጸሎት ይደገማል።

ጎረቤቱ ዲርቼ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። በዚያ መንደር የሚያንኳኳው ግብር ሰብሳቢ ብቻ ነው።

«አንተ ሌያርኮ! ይሄ ምንድን ነው? ሊጥ ነው ወይስ አንሶላ?»

«ሊጥ ነው።»

«ታዲያ ሁሉንም ባንዴ ትዘረጋዋለህ? ይደርቅብሃል እኮ!»

«እኔ የዘረጋሁት አይደርቅም።»

«አዎ፣ አንተን ይፈራል።» ካጠፋቸው አንዷን አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋቻት። «ይቺ ቆብ ናት? የአሳማ ጆሮ ናት እንጂ።»

«ስትበስል ታምራለች።»

«እኛንም እንዲሁ ብለው ነው የዳሩን።»

ሌያርኮ ወደ ድስቱ ዞሮ የመረቁን አረፋ መግፈፍ ያዘ። ከኋላው ወንበር ሲጎተት ሰማ።

«አንዱ ይዘረጋል፣ ሌላው ያጥፋል» አለች ዲርቼ። «ይሄ ያንድ ሰው ሥራ አይደለም። መረቁ ይጠብቅህ ይሆናል፤ ሊጥ ግን ማንንም አይጠብቅም።»

«ዛይራ ብቻዋን ትሠራው ነበር።»

«ዛይራ ስትሠራ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ስታወራላት ነበር፤ እሱም እገዛ ነው። አሁን ለማን ልታወራ ነው?»

ሌያርኮ ጭልፋውን እንደያዘ ዞረ። ዲርቼ በወሬዋ መሐል አምስት ስድስት አጥፋለች፤ ጠባብ፣ ድፍን ያሉ፣ የትንሽ ጣት ጫፍ የሚያህሉ። ደነገጠ። ሁለቱ ሴቶች ከሠርጋቸው ዘመን ጀምሮ ጎረቤት ነበሩ፤ ሰላምታም ቡናም አልተጓደለባቸውም። ግን ዲርቼ ሥጋው ውስጥ የዳቦ ፍርፋሪ ትጨምራለች። ዛይራ ደግሞ «የዲርቼ እጅ በድስቴ አይገባም» ብላ ምላለች፤ መሐላዋንም ይዛው ሞተች።

«ዲርቼ» አለ፣ «ተይው። ዛይራ…»

«ዛይራ ምን?»

«ታውቂዋለሽ።»

እጆቿን በሽርጧ ጠርጋ ተነሣች። «አውቀዋለሁ። ዕድሜ ልክ ስለ ዳቦ ፍርፋሪ!» በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «እኔም ሥራ አለብኝ። ነገ ልጄ ሚሬላ ከነልጆቿ ትመጣለች።»

ከሄደች በኋላ ቤቱ ከመምጣቷ በፊት ከነበረው ይልቅ ጸጥ አለ። ሊጡ እንደተባለው ደረቀ፤ ጠርዙ ቢጫኑትም ይከፈታል እንጂ አይገጥምም። ሌያርኮ በሩን አይቶ ጣቱን ውሃ ውስጥ ነከረና ጠርዙን አረጠበ። በዚያ አገር ይህን የሚያደርጉት ለመንገደኛ የሚያበስሉ ምግብ ቤቶች ብቻ ናቸው። የዲርቼን ካፔሌቲዎች ለይቶ ሊጥላቸው ፈልጎ ነበር፤ ምግብ መጣል ግን ኃጢአት ሆነበት፤ ደባለቃቸው።

በገና ቀን ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች። ሌያርኮ ከረባት አሰረ። ሁለት ሳህን አውርዶ አንዱን መለሰ። መረቁ ሲፈላ ካፔሌቲውን ጨመረና ጠበቀ። ጥቂት ቆይቶ መረቁ ደፈረሰ። ሊጡ እንደ ራሰ ወረቀት ላይ ላዩን ተንሳፈፈ፤ ሥጋው ከታች ዘቀጠ።

ቀመሰው። «ጨው ይቀረዋል» አለ ጮክ ብሎ። ማንም «ይበቃዋል!» አላለውም።

በሳህኑ ቀድቶ ተቀመጠ። በፍርስራሹ መሐል ጥቂቶች ድፍን እንዳሉ ቁጭ ብለዋል። የማን እንደሆኑ ለማወቅ መነጽር አላስፈለገውም። በቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን የዛይራን ፎቶግራፍ አየ። ሥጋው የአንቺ ነው አላት በልቡ፣ ፍርፋሪ የለበትም፤ የሷ እጥፋቱ ብቻ ነው። አንዷን በላ። ጥሩ ነበረች፤ ይህንን ለዛይራ አልነገራትም። ሁለተኛዋንም በላ። ሦስተኛዋን ሲነክሳት አፉ ውስጥ እሳት ተነሣ።

ሳለ፤ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ ከዓይኑም ከአፍንጫውም ወረደ። ትናንት እሱ አረፋ ሲገፍፍ፣ ጣሳው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከዲርቼ እጅ ሥር ነበር። ዕንባው ቁንዶ በርበሬ ከሚያመጣው ትንሽ በዛ፤ የሚያይ ስላልነበረ ምክንያት መስጠት አላስፈለገውም።

ሕጉ ሕግ ነው። ተነሥቶ ሳህኑን አጠበ። አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፤ ሳይጀመር አለቀ። ሕጉ ግን «የሁሉንም ሰው» ነው የሚለው። በመስኮቱ ወደ ዲርቼ ግቢ ተመለከተ፤ መኪና አልቆመም። ካፖርቱን ደረበና ተሻገረ። አላንኳኳም።

ዲርቼ በኩሽናዋ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር፤ ከፊቷ አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ።

«ደረሰችህ?» አለችው።

«ደረሰችኝ። ለእኔ እንደምትደርስ በምን አወቅሽ?»

«ሌላ ማን አለና?»

ሌያርኮ ካፖርቱን አወለቀ። «ሚሬላስ?»

«ጉም ነው። መንገዱ አይታይም፤ እንዴት ብላ ትምጣ?»

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታለች።

«አዎ» አለ ሌያርኮ፣ «ዘንድሮ ከባድ ነው።»

እጅጌውን ሰብስቦ ሳህኗን አነሣ። ለአሥራ ሁለት እንግዳ እንደሚያጥብ ሰው ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ ከፊቱም ከጀርባውም፣ ከዚያ እንደገና ከፊቱ።

«ነገ ሊጥ አለብኝ» አለች ዲርቼ ከኋላው። «የሚዘረጋ ሰው ባገኝ አልጠላም። በትንሽ በትንሹ የሚዘረጋ።»

«የዳቦ ፍርፋሪ ይገባዋል?»

«ይገባዋል።»

ሌያርኮ ሳህኑን እንደገና አለቀለቀው።

«እንግዲያው እዘረጋለሁ እንጂ አልበላም።»

«ማን ብላ አለህ?» አለችና ማድረቂያ ጨርቁን ወረወረችለት።