ካልቱን ያስመዘገበችው እንግዳ

በድሬዳዋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ወይ ድሬን ጨርሶ አያውቃትም፣ ወይ አሳምሮ ያውቃታል። በዚያ ሰዓት ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ ሰዉም ቤቱ ገብቶ ጫቱን እየቃመ በርጫው ላይ ጋደም ይላል። ከተማዋ ዓይኗን የምትገልጠው ሙቀቱ ሲሰበር፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከፓርላማ የመጣው ቋሚ ኮሚቴ ግን በጸጥታ ረቂቅ አዋጁ ላይ የሕዝብ አስተያየት ለመስማት የቀጠረው በስምንት ሰዓት ነበር። ሕዝብ ሆና የመጣችው ካልቱን ብቻ ናት።

ካልቱን ታይዋን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ የምትታወቀው ግን በጨርቋ ሳይሆን በቤቷ ነው። ከዙሪያው ገጠር፣ ከጀልዴሳም ይሁን ከቢዮ አዋሌ፣ ለሕክምና መጥቶ ዘመድ ያጣ ሁሉ እሷ ዘንድ ያድራል። እናቷ ያወረሰቻት የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ እንግዳ በልቶ ጠጥቶ ሦስት ቀን ሳይሞላው ማን ነህ፣ ከየት መጣህ አይባልም። በዚያ ሰሞን ቤቷ የነበረችው ኢስታር የምትባል ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጇን ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ ስላጣች፣ ይህኛውን እዚሁ ተቀምጣ ለመውለድ ከቢዮ አዋሌ ቀድማ መጥታለች። መታወቂያ የላትም። የረቂቁ አንቀጽ አሥራ አራት ደግሞ እንግዳውን በማግስቱ ለፖሊስ ያላስመዘገበ፣ መታወቂያ የሌለውንም ያስጠጋ ሰው ይታሰራል ይላል። ካልቱን ይህን የሰማችው በሬዲዮ ነው። ኢስታርን መልሳ መንገድ ላይ ልትጥላት ነው?

ሰብሳቢው አቶ ኒቆዲሞስ ላቡን እየጠረገ ባዶዎቹን ወንበሮች አየና፣ ተቃውሞ ስላልቀረበ ሕዝቡ ረቂቁን እንደደገፈ ተመዝግቦ መድረኩ ይዘጋ አለ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ቃለ ጉባኤ ያላዩ ሰዎች ናቸው፤ እዚያ ውስጥ ዝምታ ነቅዞ ድጋፍ ይሆናል። ካልቱን ነገሩ ወዲያው ገባት። ሐሳቧን ተናግራ ብትቀመጥ አንድ ተሳታፊ ተብላ ትታለፋለች፤ ከተማዋ እስክትነቃ መድረኩን ይዛ መቆየት አለባት። ለጎረቤቷ ለበለጠች ሰፈሩን ቀስቅሺና ነይ የሚል የድምፅ መልእክት ላከችና ብድግ አለች።

«መጀመሪያ አንብብልኝ እንጂ አቦ» አለችው። «ያልተነበበልኝን እንዴት ብዬ ነው የምደግፈው?»

አቶ ኒቆዲሞስ አንተ መባሉ አስደነገጠው። አጠገቡ የተቀመጠው የድሬዳዋ ተመራጭ ሽመክት፣ ድሬ አንቱ እንደማታውቅ፣ ንቀትም እንዳልሆነ በጆሮው ነገረው። ረቂቁ ከአንደኛው አንቀጽ ጀምሮ መነበብ ያዘ። ካልቱን በየአንቀጹ ታስቆማለች፣ ትጠይቃለች፣ ደግማ ታስነብባለች። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ እናቷ ያሳደረቻቸውን እንግዶች ታወራ ጀመር፤ እግሩ የተሰበረውን ግመል ነጂ፣ ባቡር ያመለጣቸውን ሙሽሮች፣ የአገሩን ስም የረሳውን ሽማግሌ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም። እንግዳ ተብሎ የገባ ሰው ፈንጂ ሲሠራ የተያዘበት ቤት እንዳለ ነገራትና፣ መንግሥት ሕዝቡን መጠበቅ የለበትም ወይ ሲል ጠየቃት።

«ወላሂ፣ ፈንጂ የያዘ ሰው መታወቂያም አይጠፋውም» አለችው። «መታወቂያ የሌላት የእኔዋ እርጉዝ ናት።»

ከዚያ ወደ ሽመክት ዞረች። «አንተ እዚሁ ቀፊራ ሰፈር ያደግኸው፣ ሰዓቱን ታውቅ አልነበር?»

ሽመክት ብርጭቆውን አንስቶ ውሃ ጠጣ። ሰው የማይወጣበት ሰዓት መሆኑን እያወቀ እንዳሳለፈው ገባት።

ድምጿ ሊዘጋ ሲል የአዳራሹ በር ተከፈተ። በለጠች ሰፈሩን እየነዳች መጣች፤ የገሚሱ ጉንጭ ገና እንደተወጠረ ነው። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እንደ ባቡር ፉጨት ስትጣራ የማይነቃ ሰው የለም። እስኪመሽ ድረስ በአማርኛም፣ በሶማልኛም፣ በኦሮምኛም ተናገሩ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው በሌላ ቋንቋ ይጨርሰዋል። አንድ ሁለት ሰዎች አዋጁ ያስፈልጋል አሉ፤ እነሱም ተደመጡ። ሕዝቡ ደግፏል የሚለው ነገር ከቃለ ጉባኤው ተሰረዘ።

አዋጁ ግን አልተሰረዘም። ፓርላማው ድምፅ የሰጠ ዕለት የሰፈሩ ሰዎች ታይዋን ገበያ፣ ቴሌቪዥን በሚሸጠው በዒጋል ሱቅ በር ላይ ተኮልኩለው አዩ። የሚደግፉ ሲባል የፓርላማው አዳራሽ በሙሉ እጅ ሆነ። የሚቃወሙ ሲባል አንድ እጅ ወጣ፤ የሽመክት ነበር።

«ዘግይቶ ነቃ» አለች በለጠች።

«ድሬ ነዋ» አለች ካልቱን።

አንቀጽ አሥራ አራት ምንም ሳይነካ አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባሉ ቀድመው ጮኸው ነበርና፣ ያ ሁሉ ጩኸት ከአንድ እጅ በላይ አለማስነሳቱ ካልቱንን አበሳጫት። ግን ፈርታ በሯን አልዘጋችም። ለጎረቤቶቿ ያሰበችውን አጫወተቻቸውና አዋጁ የሚጸናበትን ቀን ጠበቀች።

አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ በወጣ ሳምንት ኢስታር ሆስፒታል ገብታ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች፤ በማግስቱም ልጇን ታቅፋ ካልቱን ቤት ተመልሳ አደረች። በነጋታው ካልቱን የዒድ ልብሷን ለበሰችና ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

«እንግዳ ላስመዘግብ ነው» አለችው መዝጋቢውን ፖሊስ።

«ስም?»

«ገና የለውም።»

«መታወቂያ?»

«አላሳየኝም።»

«ከየት ነው የመጣው?»

«እሱን እኛ ቤት አንጠይቅም።»

ፖሊሱ ዕድሜውን ሲጠይቃት ሁለት ቀኑ ነው አለችው። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እናቱም መታወቂያ የላትም። እኔ ቤት ናት፤ እስክትጠነክር አትወጣም። ማሰር ካለብህ ይኸው እሰረኝ። ቁልፉን በለጠች ይዛዋለች፤ ቤቴ አይዘጋም።»

ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ቀና አለ። ከኋላዋ ዒጋል ቆሟል፤ ከዒጋል ኋላ የሰፈሩ ሰው እስከ ግቢው በር ተሰልፏል። ሁሉም ያሳደረውን እንግዳ ሊያስመዘግብ መጥቷል፤ የእንግዳውን ስም የጠየቀ ግን የለም። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ የፖሊሱም ዓይን በእንቅልፍ ከብዷል። በዚህ ሰዓት ምን ነካችሁ አላቸው።

«ስምንት ሰዓት የሕዝብ ሰዓት ነው ተብለን» አለች ካልቱን፤ አግዳሚ ወንበሩንም ስባ ተቀመጠች።