የንግሥቲቱ ቦቲ

አርጊሮ መድረክ የሆነውን የድንጋይ አውድማ አቋርጣ ወደ ዙፋኑ ስትራመድ ግራ ቦቲዋ እግሯን ትቶ ኋላ ቀረ። ዙሪያውን የተቀመጡት ሳቁ።

"ደግሞ!" አሉ መምህር ፕሮድሮሞስ፣ የተውኔቱን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ እየመቱ። "እንደገና ግቢ። ደረትሽን ገልበጥ፣ እግርሽን ከፈት አድርጊ! ይቺ ሴት ባሏ ጦር ሜዳ ሲከርም ከተማ የገዛች ናት። ወንድ ሁኚ እንጂ!"

ለሚናው ያጠለቀችው ቦቲ የባሏ ነበር፤ ለእግሯ ይሰፋል። ጀልባውንና ቦቲውን ትቶላት ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ጀልባውን ይዛ ዓሣ ማጥመድ ከጀመረችበት ቀን አንስቶ የትንሿ ደሴታቸው ሰው "አርጊሮ እኮ ወንድ ናት" ይላታል። ሊያሞግሳት እንደሆነ ታውቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ቃሉ እንደ ረጠበ ካፖርት ይከብዳታል። የንግሥቲቱን ሚና የለመነችውም ለዚሁ ነው፤ በጥንታዊው ተውኔት ውስጥ ንግሥቲቱንም ሁሉም ወንድ ይላታል፣ ምን እንደሚሰማት ግን አንድም ሰው አይጠይቃትም።

ተውኔቱ ዛሬ ማታ ነው፤ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሦስተኛው ቀን። መምህሩ ቁርጡን ነግረዋታል፦ ይህ ልምምድ ካልሆነላት ንግሥቲቱን የሚጫወተው ባለ ቡና ቤቱ ስትራቲስ ነው። ስትራቲስ ቃሉን በሙሉ አጥንቶ፣ ፊት ተቀምጦ ጢሙን ያሻል።

"ድሮስ ንግሥቶቹን የሚጫወተው ወንድ አልነበር?" አለ። "ለደሴቲቱ ስል ጢሜን እላጫለሁ።"

"ጢምህንስ ተላጭ፤ ቦርጭህን የት ልታደርገው ነው?" አሉት ጋሽ ፎቲስ፣ በአርጊሮ ጀልባ ላይ መረብ የሚጎትቱት ሽማግሌ።

አርጊሮ ቦቲውን አጥልቃ እንደገና ገባች። ደረቷን ገልብጣ ጮኸች። ድምጿ መሃል ላይ ተሰነጠቀ።

"ኧረ በእመቤቴ!" አሉ መምህሩ። "ጀልባ ላይ እንደምትጮኺው ጩኺ አልኩሽ እንጂ!"

"ጀልባ ላይ?" አሉ ጋሽ ፎቲስ። "መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትጮኻለች ብሎ ማን ነገረዎት? የሚጮኸው ነፍሱን ይማረውና ባሏ ነበር። እሷ ማዕበል ሲነሳ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ያኔ ሁላችንም ጸጥ ነው። ካልሰማናት መስጠማችን አይደል?"

መምህሩ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሁለት ወር ሙሉ ሲያለማምዷት አንድ ቀን እንኳ ጀልባዋ ላይ ወጥተው አያውቁም።

አርጊሮ ከአውድማው ማዶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ዞር ብላ አማተበች። ከዚያ ቦቲዎቹን አወለቀች። ድንጋዩ በፀሐዩ ሞቋል። ጀልባ ላይ እንደምትራመደው፣ አጠር አጠር እያደረገች፣ ሳትቸኩል ሄዳ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠች።

"ንጉሡ እስኪመለስ የከተማዋን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለች፣ ቀስ ብላ። "የምከፍተውም እኔ ነኝ። ዘጠኝ ክረምት እንቅልፍ የተኛችሁት በማን ቁልፍ እንደሆነ አትርሱ።"

አውድማው ቃሏን ተቀብሎ እስከ ኋለኛው ረድፍ አደረሰው። ሰዎቹ ሳያስቡት ወደ ፊት አዘነበሉ። የስትራቲስ እጅ ጢሙ ላይ ቆመ።

"እና?" አለች አርጊሮ።

"እና እኔ ጢሜን አልላጭም" አለ ስትራቲስ። "ተገላገልኩ!"

ሳቁ እሷንም ይዟት ሄደ። ከሁለት ወር ወዲህ ትንፋሿ እንዲህ እስከ ሆዷ ወርዶ አያውቅም።

መምህሩ መነጽራቸውን ወለወሉ። "አንቺ እኮ ወን..." ብለው ጀመሩና አቋረጡት። "ማታ በሁለት ሰዓት። እንዳትዘገዪ።"

አርጊሮ ቦቲዎቹን አነሳች። ልምምዱ እስኪጀመር ድረስ ከበሯ ጀርባ ቆመው ነበር፤ ወደዚያው ልትመልሳቸው አስባ ጥቂት ያዘቻቸው። ከዚያ ጋሽ ፎቲስ እግር ሥር አስቀመጠቻቸው።

"የእርስዎ ውኃ ያስገባ የለ? ይሞክሩት።"

"የባልሽን?"

"ልክዎ ከሆነ ይውሰዱት።"

ሽማግሌው እግራቸውን ሲያስገቡ ልክ ሆነላቸው። አርጊሮም ማታ የምታደርገውን የራሷን ነጠላ ጫማ ልታመጣ በባዶ እግሯ ወደ ቤቷ ወረደች።