ፎቅ ላይ የተጠራው ስብሰባ

የዊልቸር ቅርጫት ኳስ በጎ አድራጎት ማኅበሩ ቦርድ በወር አንድ እሑድ፣ ናኪቩቦ በሚባለው ሰፈር፣ ከአቶ ጋይም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በላይ ባለው ክፍል ይሰበሰባል። ወደ ክፍሉ የሚያወጣው ደረጃ ሃያ ሁለት እርከን አለው። ሙህሲና ቆጥራዋለች። የመጀመሪያው ስብሰባ ዕለት ሁለት ወዛደሮች ከነዊልቸሯ ተሸክመው አውጥተዋት ነበር፤ መሐል ላይ ሻሿ ከጎማው ጋር ተጠላልፎ አንገቷን ሲይዛት፣ ዳግመኛ እንደ ጆንያ እንደማትጫን ለራሷ ቃል ገባች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ስብሰባ ቀርታለች። ቀረች የሚለው መዝገቡ ነው እንጂ እሷስ ሁለቱንም ጊዜ በሰዓቷ ደርሳ ከደረጃው ሥር ተቀምጣለች። ዛሬ ሦስተኛው ነው።

የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ያዘጋጁት ሊቀመንበሩ አቶ ጋይም ናቸው። አሥራ አምስት ዓመት የሐበሾች እድር ዳኛ ሆነው የኖሩ ሰው፣ ማኅበሩ ለምዝገባ ደንብ አምጣ ሲባል የእድሩን ደንብ አወጡና «እድር» የሚለውን እየሰረዙ «ማኅበር» ብለው ጻፉበት። ከቀብር የቀረ ይቀጣል የሚለው አንቀጽ እንኳ ሳይወጣ ቀርቶ፣ ያገኘችው ጸሐፊዋ ቆንጂት ናት። አንቀጽ ዘጠኝ ግን እንዳለ አለፈ፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከስብሰባ የቀረ ይሰረዛል።

ሙህሲናን ለቦርዱ የመረጧት ናካዋ ሰፈር የሚለማመዱት አሥራ አንድ ተጫዋቾች ናቸው። ከሰባቱ የቦርድ አባላት በዊልቸር የምትጫወት እሷ ብቻ ናት። ከተሰረዘች የሚተካት የአቶ ጋይም የእህት ልጅ ስምኦን እንደሆነ ተሰምቷል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ዊልቸር ላይ ተቀምጦ ኳስ ወርውሮ አያውቅም።

ቆንጂት የፊርማ መዝገቡን ታቅፋ ወረደች።

«ሙሂ፣ ተጀምሯል እኮ። ወዛደሮቹን ልጥራልሽ?»

«መዝገቡን አምጪው፤ ልፈርም።»

«የሚፈረመው ስብሰባው ውስጥ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«ላይ ስንት ናችሁ?»

«አምስት። አንዱ ናይሮቢ ነው።»

«አንቺን ጨምሮ?»

ቆንጂት በጣቷ ቆጠረች። ምልዓተ ጉባኤው አምስት ነው፤ እሷ ካልተመለሰች ላይ አራት ብቻ ይቀራሉ። ደረጃውን ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠችና መዝገቡን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ጥቂት ቆይቶ የቦርዱ አባል ሸረፈዲን ሮሌክስ የሚሉትን የእንቁላል ጥቅልል እየገመጠ ከላይ ወረደ፤ ቻፓቲውና እንቁላሉ ጺሙ ላይ ሳይቀር ደርሷል።

«ጋሽ ጋይም ጸሐፊዋን ማን ሰረቃት እያሉ ነው።»

«ንገራቸው፣ ስብሰባው ወርዷል» አለች ሙህሲና።

«እኔ ነኝ የምነግራቸው?» ሸረፈዲን ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ ጅማ ብትወለጂ ኖሮ ገበያውን ሁሉ ታፈልሺው ነበር።» ወደ ላይ ግን አልተመለሰም፤ እሱም ጎማ ስቦ ተቀመጠ።

በመጨረሻ አቶ ጋይም ራሳቸው፣ ላይ የቀሩትን ሁለት ሽማግሌ የቦርድ አባላት አስከትለው፣ የደረጃውን ድጋፍ ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። ጉልበታቸው ያማቸዋል።

«ይህን ክፍል በነፃ የሰጠሁ ሰው ነኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ምስጋናው ይሄ ነው?»

«እግዜር ይስጥልን፣ ጋሽ ጋይም። ክፍሉ ጥሩ ነው። እኔ ግን አልደርስበትም።»

«ተሸካሚ አለ ብያለሁ።»

«ደንቡ ከእድር የመጣ ስለሆነ በእድር ልጠይቅዎ። መንሱር የሞተ ጊዜ እድሩ ወዴት ነበር የመጣው?»

የባሏን ስም ስትጠራ ድምፅዋ አልተለወጠም። ከጠራችው ግን ዓመት አልፎታል፤ ቆንጂት ይህን ስለምታውቅ ዓይኗን ወደ መዝገቡ መለሰች።

«ወደ ቤትሽ» አሉ አቶ ጋይም።

«ድንኳኑን እኔ በር ላይ ተከላችሁ። ሐዘንተኛ ወደ እድር ይምጣ ያለኝ የለም። ታዲያ ይህን አንቀጽ ትታችሁ ቅጣቱን ብቻ ለምን ገለበጣችሁት?»

አቶ ጋይም መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ ወደ ሱቁ ዞረው፣ «ዱካዎቹን ከጓሮ አምጡ» አሉ።

ከፍሬን ሸራና ከራዲያተር ካርቶን መሐል ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ሙህሲና ፈረመች። ስድስት ሆኑ። አቶ ጋይም ስብሰባውን ከፈቱና የመጀመሪያው አጀንዳ አንቀጽ ዘጠኝ ነው እንዳሉ፣ ሙህሲና የዊልቸሯን ፍሬን ፈታች።

«ወዴት ነው?»

«ጉዳዩ የኔ ነው። በአንቀጽ አሥራ ሁለት ጉዳዩ የሚነካው አባል ይወጣል።»

አንቀጽ አሥራ ሁለት ከእድሩ ያልመጣ፣ ቆንጂት ለማኅበሩ ብላ የጻፈችው ነው።

«ከዚህ ሁሉ ውጊያ በኋላ ትወጫለሽ?» አለ ሸረፈዲን።

«ለመግባት ነው የተዋጋሁት፤ ለራሴ ለመፍረድ አይደለም።»

ቆንጂት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጋሽ ጋይም፣ ተተኪ የተባለው የእህትዎ ልጅ ነው። እርስዎንም ይነካል።»

ሽማግሌዎቹ ወደ አቶ ጋይም ዞሩ።

«እነሱ ከወጡ አራት ቀረን» አለ ሸረፈዲን ፈጥኖ። «ይበቃል?»

«በመክፈቻው የተቆጠረው ይበቃል ይላል አንቀጹ። አላነበብከውም?» አለች ቆንጂት።

«ፈርሜበታለሁ እንጂ አላነበብኩትም።»

አቶ ጋይም ተነሡ። ሁለቱ ወጥተው ከሱቁ በረንዳ ላይ፣ የቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂዎቹ ተሳፋሪ በሚሻሙበት በኩል ጎን ለጎን ሆኑ።

«አሥራ አምስት ዓመት ዳኛ ስሆን፣ ውጣ የተባልኩት ዛሬ ነው» አሉ።

«ይለምዱታል።»

ሳቃቸው መጣና በሳል አሳለፉት። «ስምኦን አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ ያሰብኩለት።»

«ኑሮው ስለሚያሳስብዎ ነው። ቅዳሜ ናካዋ ይላኩት፤ ጎማ የሚነፋልን ሰው የለም። ሲለምድ በራሱ ይመረጣል።»

በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁ።

ቆንጂት ከበሩ ላይ ጠራቻቸው። ሁለቱም ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ቃለ ጉባኤውን አነበበች። «ስብሰባ የሚጠራው ማንኛውም አባል ያለ ተሸካሚ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ በተጠራ ስብሰባ ያልተገኘ እንደቀረ አይቆጠርም። በሙህሲና ስም የተመዘገቡት ያለፉት ሁለት መቅረቶች ተሰርዘዋል። በሙሉ ድምፅ።»

አቶ ጋይም ብዕር ተቀብለው ከሥሩ ፈረሙ። «የሚቀጥለው አጀንዳ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች ሙህሲና፤ ተጫዋቾቹ የሰጧትን ወረቀት ዘረጋች። «አምስት ነጥብ አለው። ዱካ የማይመቸው ካለ ከአሁኑ ይናገር።»