አባቴን ከኮርኒሱ አውርዱልኝ

«እማ፣ ዛሬ ለዓለም መሪዎች የሰላም መልእክት ጻፍን!»

ቤተሰቡ ሚጢጥዬ የሚላት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ወረወረችው። ልብስ ሰፊ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ። ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለቻት።

«ቲቸር ከልባችሁ ጻፉ አለችን። እኔም ጦርነቱን ቶሎ አቁሙልን፣ አባቴ ኮርኒሱ ውስጥ በጣም ይሞቀዋል፣ አውርዱልኝ ብዬ ጻፍኩ።»

የእናትየው እግር ፔዳሉ ላይ ደረቀ። ከላይ ሲንቋቋ የነበረው ጣውላም ፀጥ አለ። አባትየው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወታደሮች ወንዱን ከየመንገዱ እያፈሱ ወደ ግንባር መውሰድ ከጀመሩ ወዲህ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል ተጋድሞ ነው የሚውለው።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ ብዬሽ አልነበረም?»

«አልተናገርኩም እኮ እማ! ጻፍኩ እንጂ።»

እናት ሻሿን ጣል አድርጋ ወጣች። ሰው ሲያያት ዘና ለማለት እየሞከረች፣ ጭር ሲል እየሮጠች ትምህርት ቤቱ ደረሰች።

ግቢው ውስጥ የወታደር መኪና ቆሟል። ዘበኛው፣ «የልጆቹን ጽሑፍ ሊወስዱ መጥተው ነው፤ ቲቸርም እዚያው ናት» ብሎ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ጠቆማት። ከተከፈተው መስኮት ሥር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ውስጥ አንድ መኮንን ወረቀቶቹን እያነሳ ጮክ ብሎ ያነባል።

«‹እባካችሁ ታረቁ። እኔና ወንድሜ እንኳ ታርቀናል።›» ሳቅ ተሰማ። «‹አውሮፕላኖቹ አይምጡብን፤ ድመቴ ትፈራለች።›»

ወረቀት በተነሳ ቁጥር ነፍሷ ልትወጣ ትደርሳለች። በመጨረሻ ንባቡ ቆመ።

«ከተማሪዎቹ ቁጥር አንድ ይጎድላል» አለ መኮንኑ። «የማን ነው?»

«ቀለም ደፍታበት እኔ ነኝ የቀደድኩት» አለች መምህርቷ።

«እኔ የጠየቅኩሽ ስሟን ነው።»

መምህርቷ የሚጢጥዬን ስም ተናገረች።

«ነገ አስደግሚያት። ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።»

መምህርቷ ስትወጣ እናትየውን አየቻት። ክንዷን ያዝ አድርጋ ወደ በሩ ሸኘቻት።

«እየሳቅሽ ስሚኝ» አለቻት በሹክሹክታ። «መደበቂያ አጥቼ ወረቀቱን አኝኬ ዋጥኩት። አሁን ግን ስሟን ይዘዋል። ባልሽ እዚያው እንዳያድር።»

ሊመሽ ሲል አባትየው ወረደ። እግሩ መቆም አቅቶት ግድግዳውን ያዘ። ሚስቱ ለደንበኛ የሰፋችውን ሰፊ ቀሚስ አለበሰችው፤ ፊቱን በሻሽ ሸፈነችለት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው ሚጢጥዬ።

«አትጠይቂኝ የኔ እመቤት። ባታውቁት ይሻላል።»

የልጁን ግንባር ስሞ በጓሮ ወጣ።

በማግስቱ መኮንኑ ክፍል ገብቶ ሚጢጥዬ ላይ ጎንበስ አለ። ወረቀቷ ላይ ያለው «ሰላም ለሁሉም» የሚል ብቻ ነው።

«አባትሽ የት ነው ያለው?»

«አላውቅም» አለች። እንባዋ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

አተኩሮ አያት። እውነቷን ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ዞራ የዕለቱን ትምህርት መጻፍ ጀመረች።