የጠበሉ ጀሪካን ሆድ

የኪዳኑን ቅልጥም እሾህ ከወጋው ሁለት ዓመት አልፎታል። ቁስሉ መድኃኒት ሲወስድ ይደርቃል፣ ክኒኑ ባለቀ በወሩ ያገረሻል። ለሦስተኛ ጊዜ ሰቆጣ ሆስፒታል ሲመለስ ሐኪሙ፣ «አሁንም ካልዳነ እግሩን መቁረጥ ሊያስፈልግ ይችላል» አለ።

«እንግዲህ አንድ እግር ጫማ ይበቃኛላ» አለ ኪዳኑ።

ሚስቱ ጥሩሐረግ አልሳቀችም። ነርሷን ሠርካለምን ተከትላ ወጣች። «ልጄ፣ ለምንድን ነው የሚመለሰው?»

«ተሕዋስያኑ ቁስሉ ላይ ዝልግልግ ልባስ ሠርተው ከሥሩ ይደበቃሉ፣ እትዬ። ባዮፊልም ይባላል። ክኒኑ ላይ ላዩን ይገድላል፣ የተደበቀው ይተርፋል። ዛሬ ዶክተሩ ፍቆ ያነሣዋል። እርስዎ ደግሞ በየቀኑ አፍልተው ባቀዘቀዙት ውኃ አሸት እያደረጉ ይጠቡት።»

«ሲነኩት ያዳልጣል?»

«አዎ። እንዴት ዐወቁ?»

ጥሩሐረግ ጣቶቿን እርስ በርስ አሻሸች። ሌላ የሚያዳልጥ ነገር ትዝ ብሏት ነበር።

ጋዝጊብላ ካለው ቤቷ እንደ ገባች ከምሰሶው ሥር ያለውን የጠበል ጀሪካን ከፍታ ጣቷን ሰደደች። ውስጡ እንደ ተነከረ ተልባ ያዳልጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ የባሏን ቁስል ጠዋት ጠዋት ያጠበችው ከዚህ እየቀዳች ነው። የወንዝ ውኃ የምታመጣበትን ጀሪካን በየሳምንቱ ጠጠር ጨምራ እየናጠች ታጥባለች። ይህን ግን አንድም ቀን አላጠበችውም። ጠበል እግር በሚረግጠው መሬት አይደፋምና፣ ጎደል ባለ ቁጥር በላዩ እየሞላች ኖረች።

ጀሪካኑን አዝላ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ዘንድ ሄደች። ሁሉንም ከነገረቻቸው በኋላ፣ «ጠበሉን ነቀፈች አይበሉኝ፣ አባ» አለች።

ቄሱ የጀሪካኑን አፍ አሸተቱና ፊታቸውን መለስ አደረጉ። «ጠበሉ ምን አጠፋ? ጥፋቱ የጀሪካንሽ ነው። የእኔም ቤት ያለው ከዚህ አይሻልም።» የቀረውን ጠበል ሰው ከማይደርስበት ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር አፈሰሱት። «አጥበሽ ቅጂለትና ይጠጣ። ለቁስሉ ነርሷ ያለችሽን አድርጊ።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ውኃ እያፈላች፣ ክኒኑንም ሰዓቱን ሳታዛንፍ እየሰጠች ቁስሉን ታሽ ጀመር።

«ድስት መሰልኩሽ?» ይላል ኪዳኑ ጥርሱን ነክሶ።

«ድስት እንኳ ይህን ያህል አያወራም።»

አንድም ጠዋት አላስታጎለችም። በሦስተኛው ወር ሰቆጣ ሲወርዱ ሐኪሙ ጠባሳውን ተጫነው፣ አገላብጦ አየው፣ ደግሞ ተጫነው። «መቁረጥ ቀርቷል። ማን ነው እንዲህ ያጠበዎት?»

«ይቺው ናት» አለ ኪዳኑ፣ በእጁ ሳይሆን በአገጩ እያሳየ።

ሠርካለም የጀሪካኑን ነገር ስትሰማ ጥሩሐረግን እጇን ይዛ ቁስለኞች ተራ ወደሚጠብቁበት አግዳሚ ወሰደቻት። «እስቲ ለእነዚህም ይንገሯቸው፣ እትዬ። ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማሉ።»

ጥሩሐረግ ነጠላዋን አስተካከለች። ኪዳኑ ከኋላዋ ከዘራውን በብብቱ ይዞ በሁለት እግሩ ቆሟል።

«መጀመሪያ» አለች፣ «ቤት ስትገቡ የጠበላችሁን ጀሪካን ሆድ በጣታችሁ ዳስሱ።»